ከሸፊቃ በላይ

ሀምዱ የገዛ የአክስቱን ልጅ ለገቢዎች ጠቆመ እየተባለ ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ይወራል። ያወራውንም የሰማውንም አላህ ይቅር ይበለውና ውሸት ነው። ሀምዱ የጠቆመው ራሱን ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሃያ ሰው ባለበት፣ ማንም ሳያስገድደው።

ሀምዱ ፒያሳ ላይ ከትከሻው እምብዛም የማትሰፋ ሱቅ አለችው። ማርትሬዛ ብር፣ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲምና ቴምብር፣ የአሮጊቶች አምበር ዶቃ ይሸጣል። ድሮ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሳንቲሞቹን በአመድ ፈትጎ ያብለጨልጫቸው ነበር። አሮጌ ነገር ሰብሳቢ የሚወደው ጥቁረቱን እንደሆነ የነገረችው የአክስቱ ልጅ ሸፊቃ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ መፈተጉን ተወ፤ በእሷ ቅናት መቃጠል ጀመረ።

ሸፊቃ ኮምቦልቻ ነው ያለችው። ሱቅ የላትም፤ ስልክ አላት። ከሀምዱ በሦስት ሺህ የገዛችውን ማርትሬዛ ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድማ ፎቶ ታነሳና ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፤ በማግስቱ በስምንት ሺህ አዲስ አበባ ይወርዳል። ሀምዱ ይህን የሰማ ዕለት ምሳው አልወርድ አለው። በሳምንቱ እሱም ቴሌግራም ከፈተ፤ ነጩ ጨርቅ እንኳ አልቀረውም። ተሸጠለት፣ በደንብ ተሸጠለት። ግን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ገዢ ሳይሆን የሸፊቃን ተከታይ ብዛት ነበር።

ታዲያ ዘንድሮ ከሱቁ ጎን ያለችው ክፍል ተለቀቀች። አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ሸፊቃም ደሴ ልውጣ ብላ ዓይኗን የጣለችው እዚያችው ክፍል ላይ ነው። ሀምዱ ቅድሚያውን ሞልቷል። የቀረችው ሐምሌ ናት፤ የግብር ወር። በስልክ የሸጠም እንደ ባለሱቅ የዓመት ሽያጩን ያሳውቅ ተብሏል። ግብሩ ከበዛ ክፍሏ ሄደች ማለት ነው።

ሚስቱ ከይሪያ ከቤት ሳይወጣ አስጠናችው።

«ስንት ትላለህ?»

«መቶ ሃምሳ ሺህ።»

«ቴሌግራሙስ?»

«ልጆች ይጫወቱበታል።»

«ማሻአላህ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳታወጣ!»

በስልክ ለሚሸጡ የሁለቱ ከተማ ነጋዴዎች አንድ አዳራሽ ተሰጥቷቸው ነበር። ሀምዱ ሲደርስ ሸፊቃ ከፊቱ ተሰልፋለች። ተራዋ ሲሆን የባንክ ወረቀቷን በፕላስቲክ እንዳቀፈች ጥበቡ ከሚባለው የገቢዎች ሠራተኛ ፊት ተቀመጠች፤ አንድ በአንድ አስረዳችው። ድምሩ ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር።

ከኋላ አንዱ አፏጨ። ጥበቡ ብድግ ብሎ ጨበጣት። «እንዲህ ነው እንጂ! ከሁለቱም ከተማ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት አንደኛዋ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

አንደኛ! ያቺ ቃል እንደ ጉንዳን ሀምዱ ጆሮ ውስጥ ገባች። እውነተኛውን ማርትሬዛ ከሐሰተኛው መለየት ያስተማራት ማን ሆነና? ይባስ ብላ ሸፊቃ ስትነሳ ዞር ብላ ፈገግ አለችለት።

«አያ ሀምዱ፣ አይዞዎት። እርስዎ እንኳ ቶሎ ይጨርሳሉ፤ የሚያሳውቁት ብዙም የለ።»

ወላሂ፣ ልጅቱ ለማጽናናት ነው። ሀምዱ ግን ስድብ አድርጎ ሰማው።

«እሺ አቶ ሀምዱ፣» አለ ጥበቡ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ «የዓመት ሽያጭዎ ስንት ነው?»

መቶ ሃምሳ ሺህ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች።

«አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ!»

ጥበቡ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ከቴሌግራሙ ጋር ነው?»

«ቴሌግራሙ ብቻ ሰባት መቶ ሺህ ነው! ካላመኑ ይኸው!» ብሎ ስልኩን ከፍቶ ዘረጋለት። ጉራ ቢሆን ኖሮ ቀለድኩ ይባል ነበር። ጉዱ እውነቱን መሆኑ ነው። ጥበቡ ቁልቁል እያየ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈ።

የሸፊቃ ፈገግታ ጠፋ። ሀምዱ ያንን ፊት ሲያይ በሠርጉ ቀን እንኳ ያልተሰማው ደስታ ተሰማው። ደስታው ግብሩ ተሰልቶ ወረቀቱ እጁ እስኪገባ ቆየለት።

ቅድሚያው ለግብር ሄደ፤ ክፍሏ ለሸፊቃ። ነሐሴ መግቢያ ላይ ዕቃዋን በሚኒባስ ጭና ከኮምቦልቻ መጣች። ሀምዱና ከይሪያ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ታፔላዋ ሲሰቀል ያያሉ። ከይሪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ብላ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ሸፊቃ ከታች ሆና፣ «ትንሽ ከፍ፣ አሁንም ከፍ» ትላለች፤ ሰቃዩ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሚስማሩን በመዶሻ ይመታል።

ሀምዱ አንድ እርምጃ ወደ ታፔላው ተጠጋ።

«ቢሆንም፣» አለ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «በሦስት መቶ ስልሳ ሺህ እበልጣታለሁ!»

መዶሻው እንኳ ቆም አላለም።