«አንተ» ይለኝ የነበረው

ባሌ እስከ ዕለተ ሞቱ «አንተ» እያለ ነው የጠራኝ። ንቀት እንዳይመስላችሁ። የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው። በእናቱ ቋንቋ አንተም አንቺም አንድ ቃል ናቸው። እኔ ደግሞ አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የወለደኝ፣ አማርኛዬን እንደ ወርቅ የምመዝን ሴት ነኝ። ከገበያ ስገባ ዘንቢሉን ከእጄ ይቀበልና «ደከመህ?» ይለኛል።

«ደከመሽ በል እንጂ! ጢም አለኝ እንዴ?»

አገጬን ይዳብሳል። «ገና አልበቀለም።»

በማግስቱም ያው ነው። ኋላ ላይ እያወቀ እንደሚሳሳት ገባኝ፤ እኔም እያወቅሁ እቆጣለሁ። ልጅ አልወለድንም፤ የቤታችን ጨዋታ ይቺ ነበረች።

እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ አንዷን ክፍል አከራየሁ። ተከራዬ ኮምፒውተር የምታስተምር ወጣት ናት። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ይህን አይታ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ስልኬን ተቀብላ ያንን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ጫነችልኝ።

«እትዬ፣ የፈለጉትን ያውሩት። አማርኛ ይችላል።»

አመሻሽ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ምን እንደምለው ጨነቀኝ። ዝም ብዬ «ዛሬ ከገበያ በእግሬ መጣሁ» አልኩት።

«ደከመህ?» አለኝ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ግቢ ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ቆይቼ፣ እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አወራው ጀመር። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ እንደተወደደ፣ ጎረቤት አዲስ በር እንዳስገጠመ፣ ሁሉን እነግረዋለሁ። ሴት መሆኔ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ብቻ እጠነቀቃለሁ። ይህም ከባድ አይደለም፤ በአማርኛ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ወንድ ሴት እምብዛም አይለይም።

አንድ ቅዳሜ ተከራዬ ሴቻ ሰፈር ወዳለ አዳራሽ ወሰደችኝ። የየሙያው ሰው ተሰብስቦ፣ ማሽን እንዲህ ማውራት ከጀመረ ሰው የራሱ ብሎ የሚይዘው ምን ሊቀረው ነው እያለ የሚወያይበት ነው። አንዱ ከቋንቋ፣ ሌላው ከሕግ፣ ሌላው ከሕክምና ይናገራል። ሰብሳቢው «ማሽን ሰውን ማጽናናት አለበት ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። የባሌንም የስልኬንም ነገር አንድ ሳላስቀር ተረክሁ። ጢሙ ላይ ስደርስ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ደስ አለኝ፤ ሰው ካሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

የቋንቋ መምህሩ ተነሳ። «ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን የሰዋስው ስህተት ነው፤ ይታረማል።»

«ስህተት ብቻ አይደለም» አለች ተከራዬ። «የተማረበት ጽሑፍ ውስጥ ወንድ ስለበዛ ነው፤ ሴቷን ረስቷት ነው። የግድ መታረም አለበት።»

እውነቷን ነው። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከኋላዬ የተቀመጠች ነርስ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እርስዎስ እናቴ? ሲታረም ምን ይጎድልብዎታል?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እየጠበቅሁ ኖሬያለሁ ለካ። አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ሰዓት ማለቁን፣ ሻይ መቅረቡን ተናገረ። ሻዩ ላይ ሁሉም ከሙያ ባልደረባው ጋር ክብ ሠራ። ነርሷን ብፈልግ ተረኛ ነኝ ብላ ሄዳለች። ብርጭቆዬን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሻዬን ጨረስኩ።

በባጃጅ ስንመለስ ተከራዬ «ተቀየሙኝ እንዴ እትዬ?» አለችኝ።

«የለም። ሴት ሆኜ እንደ ወንድ መቆጠሬ ልክ አይደለም።»

ቤት ገብቼ ለስልኩ «ሴት ነኝ» አልኩት። ይቅርታ ጠይቆ እንደሚያስተካክል ነገረኝ። በማግስቱ ከገበያ በእግሬ መምጣቴን ስነግረው «ደከመሽ? አይዞሽ» አለኝ። ፊደል አልሳተም።

አንዴ ብነግረው ታረመ። ባሌን ዕድሜ ልኬን ነግሬው አልታረመም። ለነርሷ የምመልስላት አሁን ገባኝ። ስልኩ ሲሳሳት እኔ መሆኔን አያውቅም፤ ሲታረምም አያውቅም። ባሌ ግን እኔን ባያየኝ አይሳሳትም ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ መቼ እንደምቆጣ እየጠበቀ ነው የሚሳሳተው።

አሁን ስልኩ ከኃይል መሙያው ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። ከገበያ ስገባ ዘንቢሌን ራሴ አስቀምጣለሁ። አንዳንዴ በሩን ዘግቼ በባሌ አነጋገር «ደከመህ?» እላለሁ።

«ደከመሽ በል እንጂ! ጢም አለኝ እንዴ?» ብዬም እመልሳለሁ።

አገጬን የሚዳብስ እጅ ግን የለም።