የጫማው ግዝት
በደርግ ዘመን ከደባርቅ በላይ ባለው ተራራ የሰደድ እሳት አጥፊ ነበርኩ። የምንሠራው በባዶ እግራችን ነበር። የሁለት ጓደኞቼ እግር ከተቃጠለ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራችን ጫማ እንድጠይቅ ወደ ካድሬው አለቃችን ላከኝ።

«ጓድ፣ መጀመሪያ ገበሬው እሳት እንዳይለኩስ አስተምር፤ የጫማውን ነገር ከዚያ እናያለን» አለኝ።

እሑድ ዳባት አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሱን አስፈቅጄ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ።

«ማር ስትቆርጡ ችቦውን አጥፍታችሁ ሂዱ» አልኩ። ሕዝቡ ግን የሚያየው እግሬን ነበር።

«ልጄ፣ በዚህ እግርህ ነው እሳት የምትረግጠው?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«አዎ፣ እማማ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «ችቦውን ሳያጠፋ የሚሄደውን ገዝቻለሁ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«ሰውን በባዶ እግሩ ወደ እሳት የሚልከውንም ገዝቻለሁ!»

«አሜን!»

ደነገጥኩ። ወሬው አለቃዬ ዘንድ ቢደርስ ሕዝብ አሳደመ ተብዬ መታሰሬ ነው። ቶሎ ልሄድ ስል ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ከአጥሩ ጥግ ክንዴን ያዘኝ።

«ጫማው ሰኞ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ስስም ማየትህን ግን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ አለቃዬ።