ድምፅ የተከለከለበት ትምህርት ቤት

ድምፅ የሌለው ክፍል ጨርሶ ጸጥ አይልም። እጅጌ ከእጅጌ ሲተሻሽ ይሰማል፤ ጠረጴዛ በመዳፍ ሲመታ ይሰማል፤ የጠመኔው ሽታ እንኳ ከሌላው ክፍል የበረታ ይመስላል። ይህን ያወቅሁት ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ የልጅ ልጄ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ጠዋት ሄጄ ከኋላ በተቀመጥሁ ጊዜ ነው። የልዩ ፍላጎት ክፍል ይሉታል። ልጆቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው። በእጃቸው ያወራሉ፣ በእጃቸው ይጣላሉ፤ አንዱማ ጓደኛውን በእጁ ሰድቦ በእጁ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቻለሁ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጣቶቻቸው ላይ ሲያርፍ እያየሁ፣ ሳላስበው ልጅነቴ ወዳለፈበት ወደ ፈጣም ገደል ወረድሁ።

“መስማት የተሳነው” የሚል የጨዋ ቃል በእኛ ጊዜ አልነበረም። ደንቆሮ ነው የሚባል። እህቴ ደንቆሮ ነበረች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። በሕፃንነቷ ኩፍኝ ይዟት ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አብሮ እንዳልተረፈ እናቴ ያወቀችው፣ ሙቀጫ ከኋላዋ ተገልብጦ ዞር ሳትል ስትቀር ነው።

ቤታችን ከቡሬ ወዲህ፣ ፈጣም ወንዝ አጠገብ ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚባለው ከተማ ገና ወጀት ይባላል። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቷል፤ አባታችን ከአገሩ ወንዶች ጋር ጫካ ገብቷል። ጫካ የገባ ሰው መንደር ደግሞ አውሮፕላን አያጣውም። ሰው ሁሉ ድምፁን ሲሰማ ቀርከሃው ሥር ይገባል። አንድ ቀን ሁላችን ተደብቀን ሳለ እህቴ ደጅ ላይ ቆማ ስንዴ ስታበጥር ቀረች። ቦምቡ የጎረቤታችን በረት ላይ ወደቀ። እናቴ ያን ዕለት የእህቴን እጅ እጄ ላይ አስቀምጣ፣ “ጆሮዋ አንተ ነህ። ከሄድህበት ትሂድ” አለችኝ።

እኔ የምሄደው የኔታ ዘንድ ነበር። እንግዲህ እህቴ ትምህርት ቤት የገባችው ለትምህርት አይደለም፤ ከአውሮፕላን እንድትተርፍ ነው።

የኔታ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ጥላሸት ጥላሸት የሚሸት ሰው ነበሩ፤ ቀለማቸውን ራሳቸው ነበር የሚበጠብጡት። እህቴን ሲያዩ፣ “ይችስ ምን ልትሆን መጣች?” አሉ።

“እናቴ ናት የላከቻት የኔታ። አውሮፕላን አትሰማም ብላ ነው።”

“እንግዲያ ትቀመጣ። ዝም የሚል ልጅ እንኳን አንድ አገኘሁ።”

የቄስ ትምህርት ቤት ጩኸት ነው። የኔታ በስንደዶ ፊደሉን ይጠቁማሉ፤ ልጁ ሁሉ በአንድ አፍ ይጮኻል። ግማሻችን ገበታውን አናይም ነበር፤ ዜማው ስለሚወስደን ዓይናችንን ጨፍነን ነበር የምንጮኸው። እህቴ ብቻ ትመለከታለች። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሥራ የላትም።

ታዲያ ያ ጩኸት አንድ ቀን ጠላት አመጣ። ባንዶች በመንገዱ ሲያልፉ ሰምተው ተከትለውት ደረሱ። የማን ልጆች እንደሆንን ይጠይቁ ጀመር፤ የፈለጉት የአባቶቻችንን ስም ነው። የኔታ “የእግዚአብሔር ልጆች ናቸው” ብለው ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በሰደፍ መቷቸው፤ ወደ ቡሬም ወሰዷቸው። ተመልሰው ሲመጡ ግራ እጃቸው ወደ ላይ አይነሣም ነበር። እኛን ይዘው ፈጣም ገደል ወረዱና፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ካለበት ቦታ አስቀምጠውን በሹክሹክታ ተናገሩ።

“ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ድምፁን ያሰማ ልጅ አባቱን እንደ ጠቆመ ይቆጠራል።”

ድምፅ ከሌለ ልጁ ፊደሉን ማወቁ በምን ይታወቃል? የኔታ መላ አመጡ። ስንደዶው ካረፈበት ፊደል ስሙ የሚጀምር ነገር በጣት ማሳየት ነው። “ላ” ከሆነ ማዶ የምትግጥ ላም ታሳያለህ። “ጥ” ከሆነ ጥርስህን ትነካለህ። “ዛ” ዛፍ፣ “ድ” ድንጋይ። ለ“ጰ” ግን ነገር ጠፋ፤ ጰራቅሊጦስን በጣቱ የሚያሳይ ማን አለ? ሁላችንም ትከሻችንን ወደ ላይ ከፍ አደረግን፤ እሱው “ጰ” ሆኖ ቀረ።

ዓይናችንን ጨፍነን ስንጮኽ የኖርን ሁሉ ጉዳችን ፈላ። አንዱ ትልቅ ልጅ “ቅ” ላይ ቆመና ላብ አጠመቀው። ያን ጊዜ እህቴ ከጎኑ ቅጠል ቆርጣ መዳፉ ላይ አኖረችለት። የኔታ ልጁን ትተው እሷን አዩ። ስንደዶውን ወደ ሌላ ፊደል ወሰዱ፤ መለሰች። ወደ ሌላ ወሰዱ፤ መለሰች። የነገሮቹን ስም አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ግን የትኛው ፊደል ከየትኛው ነገር ጋር እንደሚሄድ እኛን ስታይ ከርማ ይዛዋለች። የኔታ ተነሥተው ከፊት አስቀመጧት።

ከባንጃ በኩል የመጣ፣ ቤቱ አገውኛ የሚነገር ልጅ አብሮን ይማር ነበር። እሱ “አ” ሲመጣበት ሄዶ ወንዙን ነካ። ለካ በአገውኛ ውሃ የሚጀምረው በ“አ” ነው። ሳቅ መጣብን፤ መሳቅ ደግሞ ክልክል ነው፤ ጋቢያችንን ነክሰን ተንፈራፈርን። የኔታ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ልክ ነው ማለታቸው ነው። እህቴ ከዚያ በኋላ ወንዙን በሁለቱም ትነካው ነበር፤ በ“አ”ም በ“ው”ም።

የልጅ ልጄ ይህን ባጫወትኋት ጊዜ፣ “እንዴ አያቴ፣ ያን ጊዜም ልዩ ፍላጎት ነበር?” አለችኝ።

“ነበር እንጂ። ጣሊያን ነው የከፈተልን” አልኋት። ሳቀች። እኔ ግን የእውነቴን ነበር።

የኔታ ለእህቴ ሲሉ የአባቶችን ሥርዓት ጣሱ። በደንቡ ከፊደል በኋላ አቡጊዳ ነው፤ ከዚያ መልእክት፣ ወንጌል፣ ዳዊት። እሳቸው ግን ለእሷ የወንዙ አሸዋ ላይ የነገሮቹን ሙሉ ስም ይጽፉላት ጀመር። “ላም” ይጽፉና ላሟን፣ “ዛፍ” ይጽፉና ዛፉን ያሳዩአታል። አጥፍተው ደግሞ እሷን ያጽፏታል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ቤት ሳለን እህቴ ውሃ ጠማት። ወትሮ ሲጠማት መዳፏን አፏ ላይ ትደፋለች። ያን ቀን ምድጃው ዳር ተንበርክካ አመዱ ላይ በጣቷ ጻፈች።

“ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?” አለች እናቴ።

“ውሃ ነው የሚለው እማ።”

“ማን አለ?”

“እሷ ናት ያለችው።”

እናቴ ማንበብ አትችልም። እህቴ ቅሉን ተቀብላ ስትጠጣ እያየች ቆየችና፣ ዶሮ እንዳይረግጠው ጽሑፉ ላይ እንቅብ ደፋችበት። በማግሥቱ ገደል ድረስ ወርዳ የኔታን ጠየቀች።

“ልጄ ልታነብ ነውን የኔታ? እውነቱን ይንገሩኝ።”

የኔታ አጠገቧ ተጠግተው፣ “ሁለት ክረምት ብቻ እግዜር ይስጠኝ እንጂ፣ ይች ልጅ እንዳንቺና እንደኔ የልቧን ታወጣለች። ሌሎቹ ይደግማሉ፤ እሷ ግን ትናገርበታለች” አሏት። እናቴ ጉልበታቸውን ሳመች።

ሁለት ክረምት አልተሰጣቸውም። በዚያው በጋ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። አባታችን ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ በሕይወት ተመለሰ። አገሩ ሁሉ እልል አለ። ከጦርነቱ የተረፉ ቄሶች ጥቂት፣ ዲያቆን ደግሞ የለም፤ የደብሩ ሽማግሌዎች የኔታን፣ “ልጆቹ ድምፃቸው ዝጓል፤ ቶሎ ለቅዳሴ አድርሱልን” ብለው ለመኗቸው። ትምህርቱ ከገደል ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደጮኽን አልረሳውም። እናቶች ከየደጃቸው ሆነው ይመርቁን ነበር። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኽሁ፤ ደስታ ነበር።

እህቴ ግን አልመጣችም።

“አውሮፕላኑ ቀረ አይደል?” አለች እናቴ። “የኔታ እንደሆኑ ለዜማው ተጣድፈዋል። ሄዳ ፀሐይ ከሚመታት ፈትሉን ታግዘኝ።” ክፋት አልነበረባትም። አባታችን ልብሱ አልቆ ነው የመጣው፤ ጥጡ መፈተል ነበረበት።

እህቴ በየማለዳው ፊቷን ታጥባ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። ለላም፣ ለዛፍ፣ ለጥርስ ምልክት ነበረን፤ ለሰላም አልነበረንም። ለምን እንደቀረች በምን ልንገራት? እጄን ይዛ ስታስቀረኝ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ እሄድ ነበር።

አንድ ማለዳ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ትፈትላለች። እህቴ በድንገት መጥታ ፊቷ ቆመች፤ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ ዘረጋችና ወደ ሰማይ ጠቆመች። አውሮፕላን መጣ ማለቷ ነው።

እናቴ ቀና ብላ ለማየት እንኳ ጊዜ አልወሰደችም። እንዝርቱን ጥላ፣ ሁለታችንን አንቃ ይዛ ቀርከሃው ሥር ተደፋች። ልቧ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ቆየን። ምንም የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እህቴ ከእናቴ ክንድ ሥር ሾልካ ወጣችና፣ እጄን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ትጎትተኝ ጀመር።

እናቴ ቀስ ብላ ተነሣች። አቧራዋን አራገፈች። ገባት።

“ውይ ልጄን! አገር በሙሉ ተገላገልሁ ሲል አንቺ ትመኚው?” አለች፤ እህቴ እንደማትሰማት እያወቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ውሰዳት። ፈትሉን እኔ እወጣዋለሁ።”

ሄድን። እየዘለለች ነበር የምትሄደው። የኔታ ሲያዩዋት ከፊት ያለውን ልጅ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጧት። ስንደዶውን አንሥተው “ሣ” ላይ አሳረፉ፤ ሁላችንም “ሣ!” ብለን አስተጋባን። እህቴ ጎንበስ ብላ ሣር ነጨችና ከፍ አድርጋ አሳየች። የኔታ አዩአት። ስንደዶው ጥቂት ቆመ፤ ልጁ ሁሉ ግን ከኋላ ዜማውን ይዞ ገፍቷል፤ እሳቸውም ወደሚቀጥለው አለፉ። እህቴ ሣሩን እንደያዘች ዞር ብላ እጃችንን ፈለገች። የማንኛችንም እጅ አይንቀሳቀስም። ከዚያ አፋችንን ታይ ጀመር፣ የአንዱን ትታ የሌላውን፣ ከትምህርት እስክንፈታ ድረስ።