የሻምፒዮኖቹ ወገብ

ሮተርዳም ውስጥ የልብስ ስፌት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሜኔር (አቶ እንደማለት ነው) ዊም ጉልበቱ የተቀደደ ነጭ ሱሪ ሰጡኝ። ጠግኜ ስጨርስ ሌላ ሰጡኝ፤ እሱም ጉልበቱ ተቀዷል። ሦስተኛውን ሳይ አላስቻለኝም።

«እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚወድቁት?» አልኳቸው በዚያች ገና በለመድኳት ሆላንድኛ።

«አይወድቁም። ሮጠው መሬት ላይ እየተንሸራተቱ ነው ማረፊያው ላይ የሚደርሱት።»

«ወደው?»

«ወደው! ቤዝቦል ነው።»

አዲስ አበባ ሳለሁ የሴት ቀሚስ ነበር የምሰፋው። እዚህ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየርና የክለብ መለያ መስፋት ሆነ ሥራዬ። ከደንበኞቻችን ትልቁ የቤዝቦል ክለቡ ነበር። ጨዋታው ቀስ በቀስ ገባኝ፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ቀላቢ ደግሞ ያለፈውን ኳስ ይይዛል።

በሦስተኛው ዓመቴ ክለቡ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። በተከታዩ ፀደይ፣ ውድድር ሳይጀመር፣ ተጫዋቾቹ አዲስ ሱሪ ሊለኩ መጡ። የመጀመሪያው ወገቡ ሁለት ጣት ጨምሯል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ክረምቱን በየግብዣው ሲዞሩ ነው የከረሙት። ከኩራሳው ደሴት የመጣው ግዙፉ ወርዋሪ ፍራንክ ተራው ሲደርስ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ያዘ።

«ፍራንክ፣ ተንፍስ።»

«ከለካሽኝ በኋላ።»

«እስክትተነፍስ እጠብቃለሁ።»

ተነፈሰ። ሜትሩ በጣቶቼ መሃል ሲንሸራተት ተሰማኝ። አራት ጣት!

«እህቴ፣ ለአሰልጣኙ እንዳትነግሪ» አለኝ። ከሱ በፊት የተለኩትም ሁሉ ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ወዲያው በሩ ተከፈተና አሰልጣኙ ሃንስ አንድ ጋዜጠኛ አስከትሎ ገባ። ጋዜጠኛው የሰፈሩ ጋዜጣ ላይ ስለ ሻምፒዮኖቹ መጪ ዓመት ሊጽፍ ነው የመጣው።

«ዘንድሮም ዋንጫው እዚሁ ይቀራል» አለው ሃንስ። «የአገሩ ምርጥ ወርዋሪ የእኛ ነው። ቀላቢያችን ወደ አምስተርዳም ሄዷል፤ እሱ ችግር የለውም፣ ቀላቢ ሞልቷል። ዋናው ነገር ልጆቼ እንዳምናው ቀጭን ናቸው። እሷን ጠይቃት፣ ልካቸውን የምትወስደው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፍራንክ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«የሰው ወገብ የባለቤቱ ነው» አልኩ። «እሱኑ ይጠይቁት።»

ሃንስ ፊቱ ቀላ። «ልብሱን የሚያሰፋው ክለቡ ነው!»

«ሱሪው የክለቡ ነው። ወገቡ አይደለም።»

ሜኔር ዊም ካውያቸውን አስቀምጠው ወንበር ፈለጉ። ይህ ደንበኛ ጥሎን ከሄደ ከሁለታችን አንዳችን እንደምንሰናበት እናውቃለን፤ ሱቁ ደግሞ የሳቸው ነው።

ሃንስ ጠረጴዛው ላይ ለናሙና ከተቀመጡት የአምና ሱሪዎች የፍራንክን አንስቶ ወረወረለት። «ልበስና እንዴት እንደምትወረውር አሳየን።»

ፍራንክ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶ ወጣ። ቁልፉን እንዴት እንደቆለፈው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። እግሩን አነሳ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ፤ የሱሪው መቀመጫ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

መጀመሪያ ጋዜጠኛው ሳቀ፤ ከዚያ ፍራንክ ራሱ፤ በመጨረሻ ሃንስም አልቻለም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አዲሶቹን ሁሉ በአምናው ልክ ስፊ። ያልገባለት አይጫወትም» ብሎ ወጣ።

እንዳዘዘው በአምናው ልክ ሰፋሁ። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥኩም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ ተውኩት።

ጋዜጣው ሲወጣ ስለ ወገብ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባቸው። ተጫዋቾቹ እልህ ይዟቸው ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር እየሄዱ አሸዋ ላይ ይሮጡ ጀመር። ውድድሩ ሊከፈት ሲል ሱሪያቸውን ሊሞክሩ መጡ። ለሁሉም ገባላቸው፣ ከፍራንክ በቀር። ቁልፉና ቀዳዳው ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም።

ፍራንክ አልሳቀም በዚያ ቀን። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል። ሃንስም ጨንቆታል፤ ያለ ፍራንክ መጀመር አይችልም፣ የተናገረውን ቃል ደግሞ ሁሉም ሰምቶታል። ወደ ማሽኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ጨርቅ አለ?» አለኝ።

«ሁለት ጣት።»

«ይበቃዋል?»

«ከተነፈሰም ይበቃዋል።»

«እንግዲያው ልቀቂለት። እኔ አላየሁም።»

ስፌቱን ፈትቼ ለቀቅኩለት። ፍራንክ ያን ዓመት እንደ ጉድ ወረወረ። ዋንጫው ግን አምስተርዳም ገባ፣ የሄደው ቀላቢያችን ጋር። አዲሱ ቀላቢ ሸንቃጣ ነበር፤ ኳሱ ነው የሚያመልጠው።

«ወገብ ወገብ ስንል ቀላቢውን ረሳነው» አለን ሃንስ በመከር፣ የቀጣዩን ዓመት ልብስ ሊያዝ ሲመጣ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሙያውን ለጀመራችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ የለካችሁትን ለሌላ ሰው አትንገሩ። ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ተዉ። ሻምፒዮንም ይወፍራል።