እሳቱ ሰማያዊ እስኪሆን

በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አጽድቶ የማያውቅ ሰው ስለ ትዕግሥት አያስተምረኝ። እኔ አጽድቻለሁ። ትዕግሥት ግን አልተማርኩም፤ ያስከፈለኝም ይኸው ነው።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ነርስ ሆኜ ሞጣ ተመደብኩ። ከሐረር በኩል የሄድኩ ልጅ ነኝ፤ ብርዱም ጭቃውም ያናድደኝ ነበር። ጤና ጣቢያው መብራት የለው፣ ውሃ የለው። ያለው አንድ ነጭ ፍሪጅ ነው፤ ከታች እሳት ይነድበታል፣ ከላይ ያቀዘቅዛል። እሳት እንዴት ብርድ ይሰጣል ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ኤዲያ! እኔስ መቼ በደንብ ገብቶኝ!

ማጽዳቱን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከታች የላምባውን ጋን አወጣለሁ፤ የተቃጠለውን የክር ጫፍ በመቀስ ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ላምባውን በጨርቅ አጥልዬ እሞላለሁ። ከዚያ ከጀርባው ያለውን የጭስ መውጫ ቱቦ በረጅም ሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፤ ጥላሸቱ ፀጉሬ ላይ፣ ነጩ ጋውኔ ላይ ይራገፋል። ፍሪጁ ዘመም ካለ ስለማያቀዘቅዝ አናቱ ላይ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ መስተካከሉን አያለሁ። በመጨረሻ እለኩሰዋለሁ። ከለኮሱት በኋላ ነው ዋናው ነገር፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። እሳቱ መጀመሪያ ቢጫ ነው፤ ቱቦው ሲግል እየረጋ ሰማያዊ ይሆናል። ካልሆነ ክሩን ዝቅ ማድረግ ነው። ቢጫውን ትተውት ከሄዱ ይጨሳል፣ ጥላሸቱ ቱቦውን ይደፍናል፣ እሳቱም ታፍኖ ይጠፋል። የሚፈልገው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

በዚያ ክረምት ፍሪጁ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የምሳሳለት የእብድ ውሻ መድኃኒት ነበር። ዐሥራ አራት ብልቃጥ። በየቀኑ አንድ መርፌ ሆድ ላይ፣ ዐሥራ አራት ቀን፤ ለአንድ ሰው ልክ የሚበቃ። ቴርሞሜትሩ ላይ በቀይ ቀለም አስምሬ፣ ከዚህ መስመር እንዳያልፍ ጠዋት ማታ እመለከት ነበር።

ከዘበኛችን ጋር ያጣላን እሳቱ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ጎጇቸው እዚያው ግቢው ውስጥ ነበር። በሞጣ ክረምት እንጨቱ ይረጥባል፣ ክብሪቱ ይሟሽሻል፤ ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ እሳት ልትጭር ጎረቤት ትሄዳለች። እሳት መከልከል ነውር ነው። በሰፈሩ ደግሞ የማይጠፋ እሳት ያለው የእኔ ፍሪጅ ሥር ነው! እሳቸውም ጋኑን ሳብ አድርገው ጭራሮ ይለኩሱላቸዋል፤ መልሰው ሲገፉት ክሩ ይዛባል፣ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ እኔ እኩለ ቀን ላይ ስከፍተው ለብ ብሎ አገኘዋለሁ። አንዴ በደግ ነገርኳቸው። ሁለተኛ ተቆጣሁ። «እሺ እሜቴ» ይላሉ፤ በማግስቱ ሌላዋ ገሏን ይዛ በር ላይ ትቆማለች።

አንድ ሰኞ ቢቸና መሄድ ነበረብኝ። እዚያ ነርስ ስላልነበረ በየወሩ እየሄድኩ ነፍሰ ጡሮችን አይ ነበር፤ በበቅሎ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ማልጄ ፍሪጁን አጸዳሁ፣ ላምባ ሞላሁ፣ ለኮስኩ። እሳቱ ገና ቢጫ ሳለ፣ እኔ እጄን ስታጠብ፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ጋኑ ሲሰዱ አየሁ። በሩ ላይ ገል የያዘች ሴት ቆማለች።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሽማግሌ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አልኩ። አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ በጎረቤት ፊት፣ አንተ! «ይኼ የመንግሥት ንብረት ነው ወይስ የእናትህ ምድጃ?»

«እሜቴ፣ እሳት ይከለከላል እንዴ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ያ ቀስ ማለታቸው የባሰ አበገነኝ። የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ነቅዬ ጋኑ ያለበትን የፍሪጁን የታችኛውን በር ጥርቅም አድርጌ ቆለፍኩት። «ይህን ቁልፍ የነካ እስር ቤት ነው የሚገባው! በጠመንጃ ነው የማስወስድህ!» ብዬ መክፈቻውን አንገቴ ላይ አሰርኩና በቅሎዬ ላይ ወጣሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዳገቱን እስክጨርስ ድረስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር።

ቢቸና በገባሁ ማግስት አንዲትን ሴት ወንድሟ ደግፎ አመጣት። ገበያ ላይ አሞሌ ጨው የምትቸረችር፣ ምላሷ የማይቻል ሴት ናት። ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ እጇን ነክሷታል፤ ሰው በድንጋይ ሳይገድለው በፊት የራሷንም አህያ ነክሷል። ቁስሏን በሳሙና አጠብኩት።

«ሁለት ልጆች አሉኝ። አትሸንግይኝ፤ እሞታለሁ?» አለችኝ።

«አትሞቺም። መድኃኒቱ ሞጣ አለ፣ ፍሪጅ ውስጥ። እናቴ ትሙት፣ አለ!»

በማግስቱ ሦስታችንም ተነሣን። ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃና በዝናብ ስንጓዝ ስለ ፍሪጁ ደጋግማ አስወራችኝ። «እሳት በልቶ ብርድ የሚያገሳ? ይኼስ የኔ ባል ነው!» እያለች ታስቀን ነበር። ሌሊት ግን እንዳልተኛች አውቃለሁ።

ሞጣ እንደደረስን ጭቃዬን ሳላራግፍ ገባሁና የላይኛውን በር ከፈትኩት። የሞቀ፣ የታፈነ ሽታ ፊቴን መታኝ። መደርደሪያው ባዶ ነው። አንድም ብልቃጥ የለም።

«በስመ አብ! መድኃኒቱስ?» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ከጓሮ እየሮጡ መጡ። «ሸጥከው? ምን ቆርጦህ ነው ሌባ!» አልኳቸው። ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። ወንድሟ ዱላውን ጨበጠ።

ዞር ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ተከተልናቸው። ፀሐይ በማይደርስበት በግድግዳው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ትልቅ እንስራ እስከ ትከሻው ቀብረዋል፤ በራሰ ጆንያ ሸፍነውታል። ዙሪያው ውሃ ነው። ከአጠገቡ የመኝታ ቁርበታቸው ተነጥፏል። ጆንያውን ገለጡት። ብልቃጦቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ውሃ እንዳይነካቸው እንስራው ውስጥ በተንሳፈፈ ቅል ተደርድረዋል። ቴርሞሜትሩም አብሮ አለ።

«የሄዱ ዕለት ጨሰ፤ ሲመሽ ጠፋ» አሉ። «ረዳትዎ፣ ቁስል አሳሪው ድሬሰር፣ ለቅሶ ሄዷል፣ ሰው የለ። ቁልፉን አትንካ ብለውኛል፤ አልነካሁም። ከላይ ከፍቼ ሳየው ይቺ ነገር ቀዩን አልፋ ወጣች። ማንበብ አልችልም፤ ግን ጠዋት ማታ ቀዩን ሲያዩ አያለሁ። ከምንጭ እየቀዳሁ ውሃውን ሳለዋውጥ ነው የሰነበትኩት። አጠፋሁ?»

አንገቴ ላይ ያለውን መክፈቻ አውጥቼ የታችኛውን በር ከፈትኩ። ቱቦው በጥላሸት ተደፍኗል፤ ላምባው እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም። ቢጫውን ትቼ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ድሬሰሩ ተመልሶ ፍሪጁ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ ምን አልኩ? «ክሩ አርጅቶ ነው።» አፈር በበላሁ!

ቴርሞሜትሩ ከቀዩ መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። እንደ ደንቡ ከሆነ መድኃኒቱ መጣል አለበት። ሌላ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በዚያ ክረምት፣ በዚያ መንገድ፣ መቼ ይደርሳል? መልእክተኛ ላክሁ። ያንኑ ቀን ግን ከእንስራው አንዱን ብልቃጥ አንሥቼ ሆዷ ላይ ወጋኋት። ከዚያ ቱቦውን ፍቄ፣ ለኩሼ፣ እሳቱ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉኝ ነበር እናቴ።

ቢቸና ደርሶ የተመለሰው ወንድሟ ዐሥረኛው መርፌ ላይ ወሬ አመጣ። አህያዋ አብዳ፣ የራሷን እግር ስትነክስ ውላ ሞታለች። ውሻው በእውነት ያበደ ነበር ማለት ነው። ያቺ ቀልደኛ ሴት ዐይን ዐይኔን እያየች «መድኃኒቱ ደህና ነው አይደል?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት፣ ግድግዳውን እያየሁ።

ዐሥራ አራቱን ጨርሳ ሄደች። ከደብረ ማርቆስ የተላከው መድኃኒት የደረሰው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ከቢቸና ሰው በመጣ ቁጥር መርዶዋን ይዞ መጣ ብዬ ወደ ውስጥ እገባ ነበር። ቁልፉንም ነቅዬ ጣልኩት። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ፍሪጁ አልተጠጉም፤ ገል ይዛ የመጣችውን ሁሉ ወደ ጎጇቸው ይመሩና ከራሳቸው ምድጃ ይጭሩላታል።

በኅዳር የቢቸናዋ ሴት መጣች። ወፍራ፣ ነጭ ለብሳ፣ በበቅሎ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ልጓሙን ያዙላት። እየሮጠች መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። «ልጆቼን ያሳደግሽልኝ! እጅሽ ይባረክ!» እያለች ጉልበቴን ሳመችው። ሁለት አሞሌ ጨው በነጠላ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። ሽማግሌው ልጓሙን እንደያዙ ቆመው ያዩናል።

ያን ጊዜ ነበር መናገር። በጣቴ ባሳያት ይበቃ ነበር፤ «እሳቸው ናቸው» ማለት ሁለት ቃል ነው። «ተነሺ፣ ኧረ ተነሺ፣ እግዜር ነው ያዳነሽ» አልኳት። ትሕትና መሰላት። «እንዲህ ያለች ደግ!» ብላ ጭራሽ አለቀሰች። ስትሄድ እሳቸው ደግፈው በቅሎዋ ላይ አወጧት።

ሲመሽ አሞሌዎቹን ከነነጠላው ወስጄ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩና ሳይሰሙኝ ተመለስኩ። ያስታረቀኝ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተኛሁ።

ጠዋት ፍሪጁን ላጸዳ ስገባ አሞሌዎቹ የፍሪጁ አናት ላይ፣ ከውሃው ሳህን አጠገብ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ደጄ ላይ ረስተውት ሄዱ፤ የሰው ነገር አይደርብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። «ይቁጠሩት እሜቴ፤ ሁለት ነው።»