ከቡራዩ ሠርግ የሰረዝኳቸው ፊቶች

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ቪዲዮ ቀራጭ ልሁን ያልኩት። አዲስ አበባ እየተመላለስኩ የሦስት ወር ኮርስ ወሰድኩ፤ አስተማሪዬ የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ጎረምሳ ነበር። "ሎንግ ሾት ቦታውን ያሳያል፣ ክሎዝ አፕ ፊትን አቅርቦ ልብን ያሳያል፤ ከምስሉ ውጭ የሚሰማ ድምፅ ደግሞ ያልታየውን ሰው ያስገምታል፤ ተራኪ የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም" እያለ ያስተምረናል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ሰርተፊኬቴን ግን በመስታወት አስገብቼ ሰበታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ከሠርጋችን ፎቶ ከፍ አድርጌ። ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ባናወጠበት ጊዜ፣ ቡራዩ አንድ ሠርግ እንድቀርጽ ተጠራሁ። የእኛ አገር ሠርግ ቀራጭ አንድ ሕግ አለበት፤ የእያንዳንዱን እንግዳ ፊት ቀርቦ ማንሳት። ቪዲዮው ሲታይ ራሱን ያጣ እንግዳ "እኔ ሰው አይደለሁም ወይ?" ብሎ ያኮርፋል። የሙሽራው አባትም ገና ስገባ "አካም ጅርቱ!" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ብለውኝ ጨበጡኝና፣ "አደራ ወንድሜ፣ አንድም ሰው እንዳይቀርብኝ" አሉኝ።

አላስቀረሁም። ከምሳ በኋላ የሙሽራው ጓደኞች ጭፈራውን አደመቁት። ድንገት ዘፈኑ ተለወጠና እጆቻቸው ከራሳቸው በላይ ተመሳቀሉ። ያን ሰሞን ያ ምልክት የተቃውሞ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አስተዋይ ሰው ቢሆን ካሜራውን ያጠፋል። ባለ ሰርተፊኬቱ እኔ ግን "እንዴት ያለ ክሎዝ አፕ!" እያልኩ ፊታቸውን አንድ በአንድ ለቀምኩት።

የሠራሁት ነገር የገባኝ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከከተማው መውጫ ላይ ወታደሮች ተሳፋሪ እያስወረዱ ይፈትሻሉ፤ ከፊታችን አምስት መኪና ተሰልፏል። ስም ቢያዝ "እኔ አይደለሁም፣ ሞክሼዬ ነው" ይባላል፤ ፊት ሲያዝ ምን ይባላል?

መነጽሬን አድርጌ መሰረዝ ጀመርኩ። ካሜራው ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊት "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ይጠይቀኛል። በሕይወቴ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር እንደሌለ ማን ነገረው? ስቸኩል አንዴ ስቼ የሙሽሪትን አባት ንግግር አጠፋሁት። የመጨረሻው ልጅ ሲጠፋ የእኛ ተራ ደረሰ።

"አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?" አለኝ ወታደሩ።

"ሠርግ ነው ልጄ።"

"ይክፈቱት እስቲ።"

ከፈትኩት። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ከድንኳኑ ውጭ ግን የልጆቹ ዘፈን ይሰማል። ፊታቸውን ስሰርዝ፣ ሌላው ምስል ውስጥ የገባውን ድምፃቸውን ረስቼዋለሁ!

"እነማን ናቸው የሚዘፍኑት?"

"እኔ እንጃ ልጄ። እኔ ሠርግ ቤት ገብቼ ከምግብ ሌላ አይታየኝም።"

ቀጣዩን ተጫነ፤ የጥብስ ሳህን። ቀጣዩንም፤ ሌላ የጥብስ ሳህን።

"እርስዎ ነዎት ቀራጭ የሚባሉት?" ብሎ ሳቀና ካሜራውን መለሰልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት ቤቴን አጠያይቃ መጣች። ልጇ በሠርጉ ማግስት ከሰፈር ታስሮ ተወስዷል፤ የእኔን ቪዲዮ ማንም ሳያየው። የት እንዳለ የነገራት የለም።

"ፊቱን ልየው ብዬ ነው አባባ። እርስዎ ሁሉንም ቀርጸዋል አሉኝ።"

መሰረዜን ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም።

"እንግዲያው ይንገሩኝ። ደስ ብሎት ነበር?"

"የትኛው ነው ልጅሽ?"

"ረዘም ያለው፣ ጥርሰ ፍንጭቱ።"

ረጃጅም ጥርሰ ፍንጭት ሁለት ነበሩ። አንዱ ይስቃል፤ ሌላው የፈራ ይመስላል። የሚስቀውን ነገርኳት፤ ላቡ አገጩ ላይ ሲወርድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘፍን።

"እሱ ነው" አለች፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ። "ይጨፍናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጨፍናል።"

እውነት እሱ ይሁን፣ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ሰጥቻት ይሁን አላውቅም። የቡራዩ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ልጁ ተፈትቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከሁለቱ ጥርሰ ፍንጭቶች የትኛው እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ለመጠየቅ ወኔ አላገኘሁም።