የቁጥር 417 አሮጌ አድራሻ

በድሩ የወሎ ሰዎች ልጅ ነው፤ የተወለደው ግን መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ነው። አሁን በአርባ አራት ዓመቱ ጅዳ፣ ኑዝላ ውስጥ፣ የቤት ሠራተኞች በሚያስመጣ መክተብ ተቀጥሮ የቢሮውን ድረ ገጽ ይጠብቃል። የሚመጡት ልጆች እያንዳንዳቸው ቁጥርና ገጽ አላቸው፤ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ከሥሩም «ሥራ ላይ ናት» የሚል መስመር። የገጹ አድራሻ በሁለት ቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለልጅቱ። ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የልጁን ፊት አይቶ ይወጣል።

ቪዛው በበዛበት በዚያ ዓመት የመክተቡ ባለቤት ኻሊድ አዲስ ድረ ገጽ አሠራ፤ አድራሻዎቹም በሙሉ ተለወጡ። በድሩን ወረቀቶቹ አሳሰቡት። ሰርቨሩ ላይ ደንብ ጻፈ፦ ጥያቄው በአሮጌው አድራሻ ከመጣ፣ ቁጥሩን ያዝና ወደ አዲሱ ገጽ ውሰደው። ሦስት ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ወገቡ አልቃና አለው።

በሳምንቱ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ስልክ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አብዱረሺድ እባላለሁ፣ ከኮምቦልቻ። የእህቴን ገጽ ብከፍት ሌላ ሴት መጣችብኝ።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አራት መቶ አሥራ ሰባት። ዘኪያ ትባላለች። ከረመዳን ወዲህ ድምጿን አልሰማንም። ሞታ ነው የተካችኋት?»

በድሩ መዝገቡን ገለጠ። «ሁሩብ» ይላል፤ ከካፊሏ፣ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታለች ማለት ነው። አንዲት ልጅ ስትጠፋ መክተቡ ለዚያው ካፊል ምትክ ይልካል፤ ውሉ እንዳይፈርስም ምትኳ የጠፋችውን ቁጥር ትወርሳለች። በድሩ ይህን ልማድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደንቡን ሲጽፍ ግን ረሳው፤ በአዲሱ ድረ ገጽ 417 ምትኳ ናት። አሮጌውን ገጽ ማንም ሳይነካው፣ ዘኪያ እስካሁን እዚያ ነበረች።

«ሞተች አይልም። ከቤቱ ወጥታለች ነው የሚለው።»

«ወጥታ የት ገባች?»

«እሱን አላውቅም።»

«ታዲያ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምኑን ነው የምትጠብቀው?»

በድሩ ጁምዓ ቀን ካራንቲና ሰፈር ወርዶ፣ የጠፉ ልጆች ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው ክፍሎች ጠየቀ። ዘኪያን አውቃለሁ የሚል አልተገኘም። በማግስቱ ኻሊድ ዘንድ ገባ።

«አሮጌ ገጿን ልመልሰው።»

«አንተ በድሩ፣ ካፊሎች የጠፋች ሴት ፎቶ እያዩ ማን ከእኔ ይወስዳል?»

«አያዩትም። በአሮጌው አድራሻ የሚመጣ ወረቀቱን የያዘ ብቻ ነው።»

«ሚስት ብታገባ እንዲህ አትጨነቅላትም» ብሎ ሳቀ ኻሊድ። «አንድ ገጽ ብቻ። ኻላስ።»

የሁሩቦቹ ዝርዝር ረጅም ነበር። በድሩ ስለ ሌሎቹ አላነሳም፤ ደክሞት ነበር።

አዲስ ቅድመ ሁኔታ ጻፈ፦ ጥያቄው በአሮጌው አድራሻ ከመጣ፣ ቁጥሩም 417 ከሆነ፣ የትም አትውሰደው። መጀመሪያ ከዋናው ደንብ በታች አኑሮት ምትኳ ብቅ አለች፤ ሰርቨሩ የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የመጀመሪያው ደንብ እንግዳውን ቀድሞ ወስዶታል። ወደ ላይ ሲያወጣው ዘኪያ ተመለሰች። «ሥራ ላይ ናት» የሚለውን ሰርዞ፣ «ወንድምሽ ይጠይቅሻል» ብሎ ጻፈና የራሱን ስልክ ከሥሩ አኖረ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ገጹን ማን እንደከፈተ ያያል። ሁልጊዜ ጁምዓ፣ ሁልጊዜ ከኢትዮጵያ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጅዳ የተከፈተ አንድ ተመዘገበ፤ በሞባይል። ከመክተቡ ሰዎች የማንም አልነበረም። ሁለት ቀን ስልኩን ከአጠገቡ ሳያርቅ ጠበቀ። ከዚያ ኮምቦልቻ ደወለ።

«እዚህ ጅዳ አንድ ሰው ከፍቶታል።»

«እሷ ናት?»

«ሁለተኛውን ወረቀት የያዘችው እሷ ናት። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብዱረሺድ፣ ቀስ ብሎ። «ደወለችልህ?»

«አልደወለችም።»

«ለምን?»

«ፈርታ ነዋ። እኔ እኮ የመክተብ ሰው ነኝ።»

«ስልኳን ቀምተዋት ቁጥሬ ጠፍቶባት ይሆናል፤ በቃሏ አትይዘውም። ያንተን አጥፋና የእኔን ጻፍላት። ደግማ ትከፍተው ይሆናል።»

በድሩ የራሱን ቁጥር ሰረዘ። የኮምቦልቻውን አንድ በአንድ እያስደገመ ጻፈ።